«ቆዪ» ያልናትን ልጅ «ቆመሽ ቀረሽ» አንበላት

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ከተማ ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ የክብር መዝገብ ሹም ሆኜ አገለግላለሁ፤ ሥራዬም የነዋሪውን ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት እየመዘገብሁ ማስረጃ መስጠት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ከዚህ መዝገብ አልተለየሁም። ሰው መቼ ተወለደ፣ መቼ አገባ፣ መቼ ወለደ ብዬ የምጠይቀው ሥራዬ ስለሆነ ነው። ሥራው ያልሆነ ሰው ግን በየሰርጉ፣ በየክርስትናውና በየለቅሶ ቤቱ ይህንኑ ጥያቄ እያነሣ ወንድሞቹንና እህቶቹን ሲያሸማቅቅ ስለማይ፣ በራሴም ላይ ብዙ ጊዜ ስለደረሰብኝ፣ በውስጤ ሲብላላ የቆየውን ሐሳብ ለአንባቢዎቻችሁ ለማካፈል ወሰንሁ።

በመጀመሪያ በመስኮቴ ፊት ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ግንቦት ወር አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከአራት ምስክሮቻቸው ጋር ጋብቻቸውን ሊያስመዘግቡ መጡ። እርሷ ነጠላዋን አጣፍታ ለብሳለች፤ ፎቶግራፎቹን በፖስታ አድርጋ በግራ እጇ ይዛለች። እኔ ቅጽ ስሞላ ስሕተት እንዳይገባ ብዬ የምጽፈውን ድምፄን ከፍ አድርጌ የማንበብ ልማድ አለኝ። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም አነበብሁ፤ ራሷን እየነቀነቀች አረጋገጠችልኝ። የትውልድ ዘመኗ ላይ ስደርስ ግን በመስኮቱ በኩል እጇን አስገብታ መታወቂያዋን በመዳፏ ሸፈነችውና «እህቴ፣ እባክሽ እሱን ጮክ አትበይው» አለችኝ። ከኋላዋ ተራ የሚጠብቁ ሰባት ስምንት ሰዎች ነበሩ። ሙሽራው ወለል ወለሉን ያይ ነበር። ዝም ብዬ ጻፍሁት፤ 1977 ይላል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልብ ብዬ ስከታተል፣ ሰው የሞተበትን ዘመዱን ስም ሳይደብቅ ሲናገር፣ የተፋታበትንም ምክንያት ሳይጠየቅ ሲዘረዝር እሰማለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ሊያገባ የመጣ ሰው ግን የተወለደበትን ዘመን የሚነግረኝ በሹክሹክታ ነው። በሕይወቷ እጅግ ደስ ሊላት በሚገባው ቀን ያቺ ሴት ያሳፈራት ምንድን ነው? የሰረቀችው የለም፣ የበደለችው የለም። ሰው ያወጣላት ቀጠሮ ነበር፤ በዚያ ቀጠሮ አልተገኘችም፤ ሌላ ጥፋት የለባትም።

በእኛ መሥሪያ ቤት ቋንቋ «የዘገየ» የሚባል ነገር አለ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ፣ ጋብቻና ሞት በ30 ቀን ውስጥ ካልተመዘገቡ ምዝገባው ዘገየ ይባላል። እንግዲህ ሕጉ ዘገየ የሚለው ሰውየው ወደ እኛ ዘንድ የመጣበትን ቀን እንጂ ያገባበትን ዕድሜ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። በ19 ዓመቷ ያገባችውም፣ በ60 ዓመቱ ያገባውም፣ በአንድ ዓይነት ቅጽ፣ በአንድ ዓይነት ማኅተም ይሰፍራሉ፤ መዝገቡም ለሁለቱም የክብር መዝገብ ነው። በእኔ ጠረጴዛ ላይ የማይገኘው መዘግየት ታዲያ በጎረቤት አፍና በዘመድ ዓይን ውስጥ የሚኖረው ለምንድን ነው?

ይህ ልኬት ከየት እንደመጣ የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ተወልጄ ያደግሁት በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። አባቴ ጎጆ ሲወጣ ከአባቱ የተሰጠው አንድ የገብስ ማሳና አንድ በሬ ነበር፤ ለማረስ ከጎረቤቱ በሬ ጋር መቀናጆ ያጣምር ነበር። እናቴ ወደ እርሱ ቤት ስትመጣ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። በዚያ ብርድ በሚቆራምደው ደጋ፣ የበልጉ ዝናብ ከቀረ ዓመቱ አብሮ በሚቀርበት አገር፣ ሚስት የሌለው አራሽ እህሉን የሚፈጭለት፣ ለባናው የበግ ጠጉር የሚፈትልለት አያገኝም፤ ባል የሌላትም ሴት ማሳዋን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከምርቷ ግማሹን ታጣለች። ልጅ ቶሎ መውለድ ማለት እረኛ ቶሎ ማግኘት፣ ኋላም ጧሪ ቀባሪ ማግኘት ማለት ነው። ዕድሜው አጭር፣ ሥራው ብዙ ስለነበረ ሰዉ ሁሉ ለአቅመ ሔዋንና ለአቅመ አዳም ሳይደርስ በፊት ይታጫል፤ ሲደርስ ይዳራል፤ በዓመቱ ይወልዳል። ያ ሥርዓት ከነጉዳቱም ቢሆን አሳድጎናል፤ አልረግመውም። ሰዓቱ የተቆረጠው በማሳውና በበሬው ልክ ነበር። ዛሬ ግን ማሳው ለልጅ ልጅ ተከፋፍሎ መዳፍ አክሏል፤ ልጆቹም ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ በኪራይ ቤት ይኖራሉ፤ ሰዓቱ ብቻ እንደ ቀድሞው ይጮኻል።

እናቴ የዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሽራ መሆን ምን እንደሆነ በራሷ አካል ታውቀዋለች። ስለዚህ የእኔ ተራ ሲደርስ ያደረገችውን ነገር ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። በ1990 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ሽማግሌ ተላከብኝ። በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻን ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ ነበር፤ እኔ 15 አልሞላሁም፤ ግን በእኛ መንደር ስለ ሕጉ የጠየቀም ያወቀም አልነበረም። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ ነገራቸው ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆመዋል። አባቴ ከልቡ ሲያመነታ ነበር፤ ጠያቂው ቤተሰብ ባለ ሁለት ጥንድ በሬ ነውና። እናቴ ጠላውን ይዛ ከጓዳ ወጣች፤ ለአንደኛው ሽማግሌ ዋንጫውን በሁለት እጇ አቀበለችና «አባቴ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ልጄ ግን ፊደል ላይ ናት፤ ትቆይ» አለች። ሴት በሽማግሌ ፊት እንዲህ ስትናገር በቤታችን የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጠላውን ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ትቆይ» የምትለው ያቺ ቃል ሕይወቴን ሠራችው። ከእናቴ አፍ ብቻም አልቀረችም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጥቶ የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ሆነ፤ ክልላችንም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ ሲያወጣ በዚሁ አጸናው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። መምህራን በሰልፍ ላይ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ፣ ካህናት በዐውደ ምሕረት «ቆዪ፣ ተማሪ፣ ራስሽን ቻይ» አሉን። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው በአገር ደረጃ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች መካከል አማካይ ወሰኑ፣ ማለትም ግማሾቹ የመጀመሪያ ጋብቻቸውን የፈጸሙበት ዕድሜ፣ 17.1 ዓመት ነው፤ የወንዶቹ 23.7 ነው። ከሴቶቹ ግማሾቹ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊጨርሱ በሚገባቸው ዕድሜ ትዳር ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። እኛ «ቆዪ» የተባልነው ታዝዘን ቆየን። አንዳንዶቻችን እግራችን እስኪቆስል ሦስት ሰዓት መንገድ እየሄድን ተማርን፤ አንዳንዶቻችን ከዘመድ ቤት ተጠግተን፣ እንጀራ እየጋገርን ማታ ተማርን።

የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ተምረን፣ ሥራ ይዘን፣ ለወላጆቻችን ቤት ቆርቆሮ አልብሰን፣ ታናናሾቻችንን አስተምረን ቀና ስንል ያ «ቆዪ» ይለን የነበረው አፍ «ቆመሽ ቀረሽ» አለን። ዛሬ ገና ነሽ፣ ነገ ደግሞ አልፎብሻል ነው ነገሩ። በሁለቱ መካከል «ጊዜሽ አሁን ነው፤ እንደ ልብሽ አድርጊ» የተባልንበትን ቀን ብፈልግ አላገኘሁትም። የዛሬ ሦስት ዓመት በጥር ወር፣ ከጥምቀት ማግሥት፣ የአጎቴ ልጅ ተድራ ሰርግ ላይ ነበርን። ለሰርጉ የአንድ ወር ደመወዜን አውጥቼ፣ ሌሊቱን ሁሉ ወጥ ቤት ዳስ ውስጥ ሽንኩርት ስከትፍ አድሬአለሁ። ሙሽሮቹ ገብተው ሲቀመጡ አክስቴ በሰው ፊት እጄን ይዛ «አንቺስ መቼ ነው የምታበይን? ወይስ እንዲሁ ሰው ስትድሪ ልትኖሪ ነው?» አለችኝ። ዙሪያውን የነበሩት ሴቶች ሳቁ፤ ክፋት አልነበረበትም፤ አክስቴም የምትወደኝ ሴት ናት። እኔ ግን ወደ ዳሱ ተመልሼ፣ ውሃው እጄን እስኪያደነዝዘው ድረስ ብርጭቆ ሳጥብ አመሸሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰርግ ተጠርቼ በሥራ አመካኝቼ ቀርቻለሁ፤ ስጦታዬን ብልክም ከሰው መካከል ጎደልሁ።

ይህ የሴት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይብኝ እሰጋለሁ። ወንዶቹ ዝም ስለሚሉ ነው እንጂ የእነርሱም ሸክም ከባድ ነው። የታላቅ ወንድሜ ልጅ አሁን 28 ዓመቱ ነው። ጠባሴ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ በተመረቀበት ሙያ ሥራ ስላላገኘ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ሁለት ፋሲካ ወደ አገሩ አልሄደም። ምክንያቱን ስጠይቀው «አክስቴ፣ ሥራ ያዝህ ወይ፣ ቤት ሠራህ ወይ፣ መቼ ነው የምታገባው ሲሉኝ ምን እላቸዋለሁ?» አለኝ። ይህ ልጅ ለምን ዘገየህ ሲባል የዘመኑን ታሪክ መተረክ ሊኖርበት ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እርሱም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ጦርነቱ ወደ ዞናችን ሲዘልቅ፣ ከዚያም ወዲህ በክልላችን ሰላም ሲደፈርስ የእርሱ እኩዮች የትኛውን ዓመት በትምህርት፣ የትኛውን በስደት፣ የትኛውን በሥጋት እንዳሳለፉት ደብረ ብርሃን የተጠለሉትን ተፈናቃዮች ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ታናሹ ደግሞ ለ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተቀምጦ ነበር፤ በዚያ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ተማሪ ዘጠና ሰባት የሚሆኑት በአንድ ቀን ከቀጠሮ ቀሩ ማለት ነው። መቶ ሰው ከተሰለፈበት መንገድ ዘጠና ሰባቱ ካልደረሱ ጥያቄው ለመንገዱ እንጂ ለተጓዦቹ አልነበረም። ያ ልጅ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የአባቱን ጓደኞች ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

ሰው በዚህ ሁሉ መካከል ደስታውን እንዴት ያገኛል? በመዝገቤ ውስጥ ካየሁት ልናገር። ፍቺ የሚመዘገበው የፍርድ ቤት ውሳኔ ቀርቦ ስለሆነ ወደ እኔ ሲመጡ ነገሩ አልቆ ነው፤ ስለዚህ ሰዎች ተረጋግተው ያወሩኛል። ጋብቻዋን በእጄ የመዘገብሁላት አንዲት ልጅ በ14ኛው ወር የውሳኔውን ግልባጭ ይዛ መጣች። አስታወስኋት፤ የሰርጓ ዕለት ከቬሎው ጋር ያንሸራሸሯት መኪናዎች ጥሩምባ እስከ ቢሯችን ይሰማ ነበር። ማኅተሙን እያደረግሁ ሳለ «ሰው ዝም እንዲለኝ ብዬ ነው ያገባሁት» አለችኝ። «ከዚያስ?» አልኋት። «ከዚያማ መቼ ነው የምትወልጂው አሉኝ።» ይህችን ልጅ አንድም ሰው አላስገደዳትም፤ ጠለፋ የለም፣ ዱላ የለም። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ አንድ ጥያቄ ሲደጋገምባት ጥያቄውን ለማቆም አንድ መልስ ፈልጋ አገኘች፤ መልሱም ሕይወቷ ሆነ። በሰርግ ብድር የገቡ፣ በማያውቁት ሰው ቤት የገቡ፣ የሚወዱትን ትተው የደረሰላቸውን የያዙ ሌሎችም አሉ፤ የነርሱን ምሥጢር ግን ለእኔ በአደራ ስለነገሩኝ አላወጣውም።

መውለድን በተመለከተ ነገሩ ከዚህም ይከፋል፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ ሰውየው ምንም ማድረግ አይችልም። የአገሬ ሰው ምርቃት ሲያውቅበት ውብ ነው። «ዓይንሽን በዓይንሽ ያሳይሽ» የምትለዋን ምርቃት ያህል የተወደደች ቃል አላውቅም። ነገር ግን ስድስት ዓመት በትዳር ቆይታ ላልወለደች ሴት፣ በየማኅበሩ በሰው ሁሉ ፊት ተለይታ ይህች ምርቃት ስትሰጣት፣ ሴትየዋ «አሜን» ስትል ጉሮሮዋ ሲዘጋ ጎኗ ተቀምጬ አይቻለሁ። ያለመውለድ ምክንያት ከባል በኩል ሊሆን እንደሚችል የጤና ባለሙያዎች ደጋግመው ይናገራሉ፤ በእኛ ዘንድ ግን የሚታየው የሴቲቱ ሆድ ብቻ ነው። በየሰርጉ «የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ» እንላለን። ይስሐቅ ሲወለድ አብርሃም 100፣ ሣራ 90 ዓመታቸው እንደነበረ፣ ይስሐቅም ርብቃን ሲያገባ የ40 ዓመት ሰው እንደነበረ የምንመርቅበት መጽሐፍ በግልጽ ይናገራል። ያን ሁሉ ዘመን የጠበቁትን ሰዎች ለጋብቻ ምሳሌ አድርገን መርጠን ስናበቃ፣ አምስት ዓመት የቆዩትን ማሳፈራችን ከራሳችን ምርቃት ጋር ያጋጨናል።

በሌላ ወገን ያለውን ሐሳብ አልዘነጋሁም። የሴት ልጅ የመውለድ አቅም ከ35 ዓመት በኋላ በፍጥነት እንደሚቀንስ ሐኪሞች የሚነግሩን እውነት ነው፤ ይህንን ግን ከማንም በላይ የምታውቀው፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥታ የምትቆጥረው ራሷ ናት። በሰርግ ዳስ ውስጥ መጮኹ ዕድሜን አይመልስም። ወላጆችም የሚጠይቁት ከክፋት እንዳልሆነ የተረዳሁት አምና ክረምት ነው። ዕረፍት ወስጄ መሐል ሜዳ ሄጄ ነበር። ማታ ዝናቡ ሲወርድ እናቴ ባናዋን ደርባ፣ እኔ ምድጃው ዳር ቆሎ እየቆላሁ ሳለ፣ ለብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ «ልጄ፣ ሌሊት ሲያምሽ በሩን ማን ይከፍታል?» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እናቴ ስለ ሰው አፍ የምትጨነቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ የምትጨነቀው ስለ በሩ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ መብት አለው፤ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኛም አለው፤ ለመንዝ ገበሬ ግን ጡረታው ልጁ ነው፤ እናቴ የምታውቀው የእርጅና ዋስትና ይኸው ብቻ ነው። ያን ሌሊት በስልኬ ውስጥ ያሉትን የጎረቤቶቼን ስሞች አንድ በአንድ አነበብሁላት፤ የማኅበሬን እህቶች፣ ቁልፌ በእጁ ያለውን የወንድሜን ልጅ፣ አምና ታምሜ ሳለሁ ዐሥር ቀን ሙሉ አጥሚት ያመጡልኝን የግቢውን አዛውንት። ሁሉንም ሰምታ «ደግ» አለች። በእርሷ አፍ «ደግ» ማለት ብዙ ነው።

እኔ 42 ዓመቴ ነው። ትዳርን አልንቅም፤ ነገ ቢገጥመኝ በደስታ እቀበለዋለሁ፤ ባይገጥመኝም ጠዋት ጠዋት ቡናዬን ስቆላ፣ ማታ ማታ የወንድሞቼን ልጆች ጥናት ስመለከት የጎደለኝ ነገር አለ ብዬ አላስብም። ይህን ስናገር አንዳንዱ ሰው ራሴን ለማጽናናት የምናገረው እየመሰለው በርኅራኄ ያየኛል። ደስታዬን ለማስረዳት መገደዴ ከጥያቄው ሁሉ ይበልጥ ያደክመኛል።

ከዚህ በኋላ የማቀርበው ልመና ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ ስለ ልጆቻችሁ ነገ ከሠጋችሁ ለብቻቸው፣ በምድጃ ዳር፣ የሠጋችሁበትን ነገር በስሙ ጠርታችሁ ንገሯቸው፤ በሰው ፊት «መቼ» አትበሏቸው። የንስሐ አባቶች ቤት ለቤት ስትዞሩ ያላገባውንና ያልወለደችውን ነጥላችሁ ከመመረቅ ይልቅ ቤቱን በሙሉ መርቁ። በእኛ የወር ማርያም ማኅበር፣ በ21 ቀን ስንሰበሰብ፣ ከሦስት ወር በፊት ይህንኑ አንሥቼ ነበር፤ ጸበል ጸዲቁ ከተቀመሰ በኋላ አንዲት ጥርሷ የወለቀ እናት «እኛም እኮ ሌላ የምንጠይቀው ስናጣ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ የባጃጁን ልጅ ስታገኘው ስለ መኪናው ጎማ ትጠይቀዋለች፤ እርሱም ቆሞ ያወራታል።

ለዝግጅት ክፍላችሁም አንድ ልመና አለኝ። በትዳርና በቤተሰብ ዓምዶች ላይ «ቆሞ ቀር»፣ «ዕድሜዋ ሳይገፋ»፣ «ጊዜው ሳያልፍበት» የሚሉ አባባሎች ሲመጡ በሌላ ቃል እንድትተኳቸው ነው። የሰውን ዕድሜ መጻፍ ካስፈለገ ቁጥሩ ይበቃል፤ እኔም በመዝገቤ ላይ የምጽፈው ቁጥሩን ብቻ ነው።

ባለፈው ፋሲካ አገሬ ገብቼ ሳለ አክስቴ፣ ያቺው የሰርጉ አክስቴ፣ ዶሮው ቀርቦ ቤተ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት ወደ እኔ ዞር ብላ «አንቺ ልጅ፣ እንግዲህ ዘንድሮስ...» ብላ ጀመረች። እናቴ እንጀራውን እያቀረበች ነበር። መሶቡን አስቀመጠችና «እሷን አትጠይቂያት፤ ቆዪ ያልኳት እኔ ነኝ፤ እኔን ጠይቂኝ» አለች። አክስቴ ዝም አለች፤ እናቴም መጀመሪያ ለእርሷ አጎረሰቻት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንዲት የክብር መዝገብ ሹም
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ብቻ ይቆይልኝ)